የሰባት ቁጥር ሹራብ

አሻግሬ የዳሲቱን ድምፅ እንጂ መልኳን አያውቅም ነበር። ሁለቱም የሚሠሩት አቃቂ፣ በአንድ የብረት ማከማቻ ግቢ ውስጥ ነው። እሱ በአንደኛው በር በኩል ባለች ጠባብ ክፍል የሠራተኛውን የእጅ ራዲዮ ይጠርጋል፣ ባትሪ ይሞላል፣ ያድላል። እሷ በወዲያኛው ጫፍ፣ ወደ ገላን በሚያወጣው በሁለተኛው በር፣ የከባድ መኪና ሚዛን ትቆጣጠራለች። ዘመኑ የኮንዶሚኒየም ግንባታ የደራበት ስለነበር በመካከላቸው የፌሮ ክምር እንደ ቤት ቆሟል፤ ቢሆንም በእግር ስድስት ደቂቃ ነው። አሻግሬ ግን ሰው ፊት ሲቆም ምላሱ ይተሳሰራል። ያቺን ስድስት ደቂቃ ሰባት ወር ሙሉ ሳይሄዳት ቀረ።

ራዲዮዎቹን ጠዋት በሣጥን የሚወስደው፣ ሲመሽም ሰብስቦ የሚመልሰው ሁንዴ የሚባል ጎልማሳ ተላላኪ ነው። ልክ ሁለት ሰዓት ላይ የድምፅ ሙከራ ይደረጋል። አሻግሬ ቁልፉን ይጫናል፣ አንድ ትንፋሽ ያህል ይቆያል፣ ከዚያ ይጠራል። ሳይቆይ የሚናገር ሰው የመጀመሪያ ቃሉ ተቆርጦ ይቀራል።

«ሚዛን፣ ሚዛን፣ ከራዲዮ ቤት። እንዴት ትሰሚኛለሽ?»

«ጥርት ብለህ ነው የምትሰማኝ፣ ራዲዮ ቤት። እኔስ?»

«ጥርት ብለሽ።»

በቃ፣ ይህችን ይዞ ይውላል። ግቢው በሙሉ በአንድ ቻናል ስለሚያዳምጥ ከዚያ ያለፈ ቃል አይነገርም። እርግጥ ማንም ባይሰማም አሻግሬ አይናገረውም ነበር።

የዳሲቱ ራዲዮ ሰባት ቁጥር ነው። ከአረንጓዴ ክር ሹራብ ሠርታለታለች፤ ለአንቴናው ከላይ፣ ለቁልፉ ከጎን ቀዳዳ ትታለታለች። ሌሎቹ በአንቴናቸው እንደ ገበያ ዶሮ ተንጠልጥለው ሲመጡ፣ ሰባት ቁጥር ሹራቡን ለብሶ ይመጣል። አሻግሬ ለመጨረሻ ያቆየዋል። ሹራቡን አውልቆ ራዲዮውን ያጠፋል፣ ባትሪውን ይነቅላል፣ አቧራውን ረጠብ ባለ ጨርቅ ይጠርግና በደረቅ ይደግመዋል። ሹራቡ የሎሚ ሳሙና ይሸታል። እሱን አጣጥፎ ለብቻው ያስቀምጠዋል።

በኅዳር ወር አንድ ቀን፣ የሰባት ቁጥር ቁልፍ ሲጫኑት ቶሎ አልመለስ አለ። የብረት ብናኝ ገብቶበታል። ቁልፉ የሚዘገይ ራዲዮ ከሥራ ይውጣ የሚለውን ደንብ ግድግዳው ላይ የጻፈው ራሱ አሻግሬ ነው። ከሥራ የወጣ ራዲዮ ደግሞ ሳሪስ ወዳለው ጠጋኝ ይላካል፤ ወር ይፈጃል። ሌሎቹ ራዲዮዎች ወፈር ያሉ ስለሆኑ ሹራቡ አይሆናቸውም። አሻግሬ ቁልፉን በብሩሽ አራገፈው፤ ተመለሰለት። መዝገቡ ላይ በጥንቃቄ «ሰባት ቁጥር፦ ደህና» ብሎ ጻፈ። በማግሥቱም «ደህና»። ሳምንቱን በሙሉ «ደህና»።

በስምንተኛው ቀን ረፋዱ ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ራዲዮ ማንጎራጎር ጀመረ። ዳሲቱ ናት። የሚሰማት እንዳለ አታውቅም፤ ተናግራ ስታበቃ ቁልፉ እንደተጫነ ቀርቷል። ቀጥሎ ከበሩ ፈታሽ ከጠጄ ጋር ማውራቷ ተሰማ።

«ሁሉን እመዝናለሁ፤ እኔን የሚመዝነኝ ጠፋ።»

«ውጪና ቁሚበታ!»

«ይሄ ሚዛን እኮ ከሃያ ኪሎ በታች አያይም። የኔ ናፍቆት ደግሞ ኪሎም አይሞላ።»

«የማን ናፍቆት?»

ዳሲቱ ሳቀችና መልሳ ማንጎራጎር ያዘች።

ቁልፍ እንደተጫነ ሲቀር ቻናሉ ይዘጋል፤ ሌላ ሰው ቢናገር አይሰማም። ያን ጊዜ ፌሮ ወደሚያወርደው ክሬን ሮጦ ሁሉንም ሁለተኛ ቻናል ማስያዝ የአሻግሬ ሥራ ነው። ይህን ገና በመጀመሪያው ትንፋሽ ያውቀው ነበር። እጁ ግን ድምፅ መጨመሪያውን አዞረ። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ።

ግቢው በብረት ጩኸት ተናወጠ።

ሮጦ ሲወጣ የፌሮው እስር መሬት ላይ ተዘርግቷል። ከታች ሆኖ ክሬን የሚያስወርደው ሻፊ አንድ እግሩ ባዶ ነው፤ ጫማው ከፌሮው ሥር ቀርቷል።

«ወላሂ እኔ ‹አቁም! አቁም!› እያልኩ ስጮህ ራዲዮው ይዘፍንልኛል!» አለ ሻፊ ወደ ጫማው እየጠቆመ። «ለቀብሬ ነው እንዴ የምትዘፍኑት?»

ክሬን ነጂው ሰቦቃ ከላይ ወርዶ ራሱን ይዟል። «የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ‹አውርድ› ነው። ሌላ ምንም አልሰማሁም» ይላል ደጋግሞ።

ከእኩለ ቀን በፊት የግቢው የደኅንነት ኃላፊ ጋሽ ጣሰው ራዲዮ ቤት ገቡ። ሰባት ቁጥርን ይዘዋል። ሻፊ በነጠላ ጫማ ተከትሏቸዋል።

«መዝገብህን አይቻለሁ። ራዲዮው ደህና ነበር» አሉ ጋሽ ጣሰው። «ቁልፉን ጨቁኖ የያዘው ይሄ ሹራብ ነው። ለዓመት በዓል ሕፃን የምታለብስ መሰላት? ሰው ሊሞት ነበር! በጠጄ ራዲዮ ጥራትና ዕቃዋን ሰብስባ ቢሮ ትምጣ በላት። ዛሬውኑ ትሰናበታለች።»

«ጋሽ ጣሰው…»

«ምን?»

ምላሱ ተሳሰረ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ራዲዮ አነሣ። ቁልፉን ተጫነ። አንድ ትንፋሽ ቆየ፤ ሁለተኛም ቆየ።

«ለሁሉም፣ ከራዲዮ ቤት» አለ። «ጥፋቱ የሹራቡ አይደለም። የሰባት ቁጥር ቁልፍ ከተበላሸ ሳምንት አልፎታል። አውቄ ‹ደህና› ብዬ ጻፍኩ። ዛሬ ቻናሉ ሲዘጋም ሰምቻለሁ። ማስለወጥ ሲገባኝ… ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ። ሻፊ፣ ይቅር በለኝ። ዳሲቱ ምንም አላጠፋችም።»

ጣቱን አነሣ።

ሻፊ ነጠላ ጫማውን አየ፤ ከዚያ አሻግሬን። «አንተ ሰው፣ ጫማዬን በዘፈን አስበላኸኝ?» አለ። ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ድምፁ ግን አልታዘዘለትም።

ጋሽ ጣሰው ሹራቡን በጣታቸው ገልበጥ አደረጉት። «ለምን ደህና ብለህ ጻፍክ?»

«እንዲሄድ አልፈለግኩም።»

«ራዲዮው?»

አሻግሬ ዓይኑን ሹራቡ ላይ ጣለ። ጋሽ ጣሰው ሹራቡን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«እሷ ትቀመጥ። አንተ ከነገ ጀምሮ ሳሪስ መጋዘን ትሠራለህ። ራዲዮ በእጅህ አይገባም። ይሄን ራዲዮም ስትሄድ ለጠጋኙ ስጠው።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አሻግሬ ሹራቡን በኪሱ ይዞ ስድስቱን ደቂቃ ሄደ። ወደ ሚዛን ቤቱ መስኮት ለመድረስ በሚዛኑ ላይ ማለፍ ነበረበት።

«ማነህ አንተ? ውረድ ከሚዛኑ፣ መኪና ሊገባ ነው!»

ድምፁ የእሷ ነው፤ ያለ ራዲዮው ሿሿታ ወፈር፣ ለስለስ ይላል። አሻግሬ ባለበት ቆመ። ልማድ ሆኖበት፣ የሚጫነው ቁልፍ ሳይኖር፣ አንድ ትንፋሽ ያህል ቆየ።

«ራዲዮ ቤት ነኝ።»

መስኮቱ ተከፈተ። ጠይም፣ ጉንጯ ላይ የቀለም እስክሪብቶ ጭረት ያለባት ሴት ብቅ አለች። አየችው፤ ከዚያ የሚዛኑን ቀይ ቁጥር አየች።

«ስልሳ ኪሎ» አለች። «በድምፅህ ሃያም የምትሞላ አትመስለኝም ነበር።»

ሹራቡን ዘረጋላት። አልተቀበለችውም።

«ለአዲሱ ራዲዮዬ አይሆንም። ጠጋኙ ጋ ብርድ እንዳይመታው አልብሰው።» ቆየት ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጨመረች። «ሲድን ማን ያመጣዋል?»

«እኔ» አለ።

የሠራተኞች አውቶቡስ ክላክስ ነፋ። ዳሲቱ ቦርሳዋን አንሥታ ሮጠች፤ ከደረጃው ላይ አንዴ ዞር ብላ አየችው።

በማግሥቱ ሳሪስ፣ ጠጋኙ ሰባት ቁጥርን ከነሹራቡ ተቀበለው።

«ወር ይፈጃል።»

አሻግሬ ሰዓቱን አየ። ልክ ሁለት ሰዓት ነው። አሁን ሌላ ሰው ሚዛንን ይጠራል፣ እሷም ትመልሳለች። አውራ ጣቱ በባዶ መዳፉ ላይ አንድ ትንፋሽ ያህል ተጫነ።

«እጠብቃለሁ» አለ።