ሦስት ቦታ ለኪ

«ብርጭቆው እጁ ላይ ነበር አሉ።»

አክስቷ ይህን ስትል ዛሬ ለስድስተኛ ጊዜ ነው፤ ገና ከረፋዱ አራት ሰዓት። ለቅሶ ደራሽ በገባ ቁጥር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ወንድሟ መጠጥ ቤት ውስጥ እንዴት ደም ተፍቶ እንደ ወደቀ፣ ወድቆም ብርጭቆውን እንዳልለቀቀ ትተርካለች። በመጀመሪያው ቀን ብርጭቆ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ቀን አንድ ጎረቤት ጠርሙስ ጨመረበት። ዛሬ በአራተኛው ቀን ደግሞ ሟች ሊወድቅ ሲል «አንድ ድገሚኝ» ብሎ ነበር ተባለ። ወሬ እንደ ሊጥ ነው፣ ባደረ ቁጥር ይነፋል።

የሟቹ ልጅ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የመለኪያ ሜትሯ አሁንም አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ከሱቋ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ቀብር፣ ከቀብር ወደዚህ ቤት ስትሮጥ ማውለቁ ትዝ አላላትም። ሳሎኑ በሰው ጢም ብሏል፤ ከጎኗ ያለው ወንበር ግን ባዶ ነው። የመጣው ሁሉ «እግዜር ያጽናሽ» ብሎ እጇን ይጨብጥና አክስቷ አጠገብ ሄዶ ይሸጎጣል። ወሬው ያለው እዚያ ነዋ።

ተነሥታ «ውሸት ነው» ብትል ደስ ባላት። ግን በምን አፏ? ወሬውን ከሁሉም በፊት ያመነችው እሷ ናት። በዚያው እምነቷም አባቷን ከሱቋ አባርራዋለች።

ሙያውን ያስተማራት እሱ ነው። በአሥራ አንድ ዓመቷ ከመቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ ሣጥን ላይ አቁሞ፣ ሜትሩን አንገቷ ላይ እንደ ሜዳሊያ አጠለቀላትና፣ «ሰው ስለ ራሱ ይዋሻል» አላት። «ወፍራሙ ቀጭን ነኝ ይልሻል፣ ቀጭኑም ይኮፈሳል። አንቺ ሦስት ቦታ ለኪ፤ ትከሻ፣ ክንድ፣ ወገብ። አንድ ቦታ ብቻ ለክቶ የሚቆርጥ ጨርቅም ያበላሻል፣ ሰውም ያስቀይማል።» የዚያን ጊዜ እጁ ቀጥ ያለ ነበር። ኋላ ግን ጠዋት አንድ መለኪያ አረቄ ካልቀመሰ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃተው፤ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎም የሚቆጥር ጠፋ። በዚያው መቀሱ ወደ ልጁ እጅ አለፈ።

ሰባት ጊዜ ማለላት፣ ሰባት ጊዜ አፈረሰ። አምና የሱቋን በር አረንጓዴ ያስቀባች ዕለት ቀለሙ ሳይደርቅ ደጃፉ ላይ አቁማ፣ «አባባ፣ ከእንግዲህ ጠጥተህ ይህን ደፍ እንዳትረግጥ» አለችው። እንደ ወትሮው አልማለም። ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ከስድስት ወር በኋላ ሱሪ ይዞ መጣ። ወገቡ ጠቦታል። «ተመችቶሃል መሰለኝ» ብላ ሳቀች፤ ሁለት ጣት አሰፋችለት። ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ሦስት ጣት። ያኔ አልሳቀችም፤ የጠጪ ቦርጭ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ለሦስተኛ ጊዜ የመጣው የዛሬ ወር ገደማ ነው። ሲገባ ተንገዳግዶ የበሩን መቃን ያዘ። በሟች እናቷ ስም ጠራት። ዓይኑ ወይቧል፣ ኮቱ መጠጥ ቤት መጠጥ ቤት ይሸታል። ከዚያ ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና፣ እንደሚለካ ደንበኛ ሁለት እጁን ከጎኑ ከፍ አድርጎ ቆመ።

«ይህን ሆድ የሞላችው ኮማሪትህ ታስፋልህ» አለችው። ሱሪውን ጠቅልላ ደረቱ ላይ ወረወረችበት።

እጆቹን ለማውረድ ጊዜ ወሰደበት። እስከ ዛሬ ዓይኗን ስትጨፍን የምታየው እነዚያን እጆች ነው።

ሆስፒታል ስትደርስ ራሱን አያውቅም ነበር። ወጣቱ ሐኪም፣ «መጠጥ ከተዉ ስንት ጊዜያቸው ነው?» ሲላት ከት ብላ ሳቀች። «መቼ ተወና!» ሐኪሙ አልሳቀም። የሠላሳ ዓመት መጠጥ ጉበቱን እንዳጠጠረው፣ ደም በዚያ አላልፍ ብሎ የጉሮሮውን የደም ሥሮች አሳብጦ እንዳፈነዳቸው፣ ሆዱ የቋጠረው ውሃ እንጂ ሥጋ እንዳልሆነ፣ ኩላሊቱም ተከትሎ እንደደከመ ነገራት። ጉበቱ ማጣራት ያቃተው መርዝ ደግሞ ወደ አንጎል ወጥቶ ሰውን ያምታታል አለ፤ «አንዳንዴ ጠብታ ያልቀመሰ ሰው እንኳ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል።» ይህን የመጨረሻውን ይሉኝታ ነው ብላ አለፈችው። በማግስቱ አባቷ ሞተ።

አሁን በሩ ተከፈተ። የገባችው የመጠጥ ቤቷ ባለቤት ናት፤ ክንዷ ላይ አሮጌ ግራጫ ኮት አጥፋ ይዛለች።  አክስቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሴትዮዋ ዙሪያውን ቃኘችና ሰው ያልፈለገው ባዶ ወንበር ላይ መጥታ ተቀመጠች።

«ኮታቸው ወንበር ላይ ቀርቶ ነው ልጄ። ሲያነሷቸው ማን አስታወሰው።»

ልጁ ኮቱን ተቀበለች። ቀና ሳትል፣ «እንደው ይንገሩኝ፣ መጨረሻ የቀዱለት ምን ነበር?»

«ሻይ።»

«እኔን ማጽናናት አይጠበቅብዎትም።»

«ለማጽናናት ብመጣ ባዶ እጄን እመጣ ነበር?» አለች ሴትዮዋ። «ብርጭቆው እጃቸው ላይ ነበር፤ እውነት ነው። ሻይ ነው የነበረበት። አንቺ በርሽን አረንጓዴ ከቀባሽ ወዲህ ከሻይ ሌላ አልቀዳሁላቸውም። ሲንገዳገዱ ጊዜ እኔም ሌላ ቤት እየጠጡ ይመጡብኛል ብዬ ተከታትያቸዋለሁ፤ የትም አይሄዱም። ‹ታዲያ እዚህ ምን ያደርጋሉ?› ስላቸው፣ ‹የማውቀው ሰው ሁሉ ያለው እዚህ ነው፤ ወዴት ልሂድ?› አሉኝ።»

«ለምን አልነገረኝም?»

«‹በሰባት መሐላ በፊቷ ያፈርኩት ይበቃል፤ ስምንተኛውን ዓመት ሞልቶኝ ነው የማሳያት› ይሉ ነበር። ወር እንኳ አልቀራቸውም።»

ሴትዮዋ ማንም ሻይ ሳያቀርብላት ተነሥታ ሄደች። በሩ ከመዘጋቱ አዲስ ለቅሶ ደራሽ ገባ፤ አክስቷም ከግድግዳው ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ብርጭቆው እጁ ላይ ነበር አሉ።»

 ልጁ ኮቱን ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ይህ ኮት በገዛ እጇ የተሰፋ ነው፤ በሩን ባስቀባች ሰሞን ለአባቷ ሰጥታዋለች፣ ልኩንም በቃሏ ታውቀዋለች። ገበሩን ስትገልብ ትከሻው ላይ የእሷ ያልሆነ ስፌት አየች፤ እየተንቀጠቀጠ የሄደ፣ እየተሳሳተ የተመለሰ፣ በአባቷ እጅ የተሰፋ። እጅጌውም እንዲሁ ጠቧል።

ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። ሰዉ እያየ ትከሻውን ለካች፣ ክንዱን ለካች፤ ወገቡንማ ከዚህ በፊት ለክታዋለች፤ ተወችው።

ትከሻው በሦስት ጣት አንሷል።