ዘይት ያልጠገበ እንጨት

ባሌ አናጢ ነው። አናጢ ስላችሁ አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠራ እንዳይመስላችሁ፤ እሱንማ ማንም ይሠራዋል። የሱ ሙያ ለአሮጌ የእህል መውቂያ ማሽን የእንጨት ኩሽኔታ መሥራት ነው። ጡብ የሚያህል ጠንካራ እንጨት ለሁለት ተከፍሎ መሃሉ ይቦረቦራል፣ የማሽኑ ዘንግ እዚያ ውስጥ ይሽከረከራል። ብረት ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ይበሉ። እንጨት አቧራ ውስጥ ዘንጉን ሳይበላ ራሱ ያልቃል፣ ሲያልቅ ይቀየራል።

ዋናው ሥራ ያለው ግን ዘይቱ ላይ ነው። እንጨቱ የጋለ ዘይት ውስጥ ይቀቀላል። እርጥበቱ አረፋ እየሆነ ሲወጣ በቦታው ዘይት ይገባል። አረፋው ጨርሶ ሳይቆም የወጣ እንጨት ላዩ ያብለጨልጫል እንጂ ውስጡ ዘይት አልጠገበም። ማሽን ላይ ሲገባ ይግላል፣ ይጨሳል፤ ዙሪያው ደግሞ ገለባ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድስቱ አጠገብ አብረን ቆመናል። «ቆመ» የሚለው እሱ ነው። ሲቸኩል ካየሁ «ኧረ ተው፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!» እለዋለሁ፤ እየሳቀ ይጠብቃል።

ዘንድሮ ዓይኑን ሞራ ጋረደው። መሮውን በዳበሳ ሲፈልግ ያዝኩት። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው «ዓይኔ ምን ሆነና? ካንቺ የበለጠ አያለሁ!» ብሎ ጮኸብኝ። ድሮ ቢሆን ሁለት እጥፍ አድርጌ እመልስለት ነበር። ያን ቀን ግን መሮውን የፈለገበት አኳኋን አንጀቴን በላው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የመጀመሪያ ሥራ የታናሽ ወንድሙ ነበር። ዋርሳዬ እያለከለከ ደረሰ። የማሽኑ ኩሽኔታ ተበልቶ ዘንጉ ይንገጫገጫል፣ የዓመት እህሉ ሜዳ ላይ ተከምሯል፣ ሰማዩም ጠቁሯል።

«ጋሼ፣ ዝናቡ ሳይቀድመኝ በሞቴ!» አለ። ወደ እኔም ዞሮ፣ «እትዬ፣ አንቺ እዚህ ድስት አጠገብ ቆመሽ አረጀሽ እኮ» አለኝ።

«አንተስ ሳትቆም አይደል ያረጀኸው?» አልኩት። ሦስታችንም ሳቅን።

ባሌ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። «ቆመ» አለ።

አልቆመም። ከአንደኛው እንጨት ጠርዝ ደቃቅ አረፋ ተከታትሎ ይወጣል። በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ባሌ መቆንጠጫውን እንደያዘ እንጨቱን ሳያወጣ ትንሽ ቆየ። አፌን ከፈትኩ። ታናሹ አጠገባችን ነው፤ ታናሹ ፊት «አታይም» ልበለው? መልሼ ዘጋሁት። ዋርሳዬ ኩሽኔታዎቹን በጆንያ ጠቅልሎ፣ መርቆን ሄደ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ማሽኑ ተቃጠለ። ኩሽኔታው ግሎ ገለባውን አቀጣጠለው። እሳቱ ክምሩ ጋ እንዳይደርስ ዋርሳዬ ማሽኑ ላይ ወጥቶ በኮቱ ሲደበድበው ልብሱ ተያያዘ። ሐኪም ቤት ሦስት ቀን ተሠቃይቶ ሞተ። አምስት ልጆች አሉት፣ ትልቋ ገና አሥራ ሁለቷ ነው። ሚስቱ ለቅሶው ላይ አንገቴን አቅፋ «አይዟችሁ፣ ማሽኑ አርጅቶ ነው» አለችኝ። ምነው ያኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! «ዝም አይነቅዝም» ብሎ የተረተውን ሰው አምጥቼ እዚያ ለቅሶ ቤት ባስቀመጥኩት።

ባሌ እህል አልቀምስ አለ። ሰው ሲያጽናናው «እጄ ነው፣ እጄ ነው» ይላል። ጥፋቱን ብቻውን ተሸክሞ ሲሞት ማየት አቃተኝ። በአሥረኛው ቀን ሥራ ክፍሉ ገባሁ። ዘይቱ የረጋበት ድስት አጠገብ ተቀምጧል።

«ስማኝ» አልኩት። «አረፋው አልቆመም ነበር። አይቻለሁ። ዝም ያልኩት ወንድምህ ፊት እንዳላዋርድህ ብዬ ነው።»

እንዲጮህብኝ ጠበቅሁ። ቢመታኝም ደስ ባለኝ።

ፊቱን አዞረ። የሚያየው እኔን ሳይሆን ከጎኔ ያለውን ግድግዳ ነበር።

«እኔ ድስቱ ውስጥ ምንም ካየሁ ወራት አልፈውኛል» አለ።

«ታዲያ ለምን ቆመ አልክ?»

«አንቺ አለሽ ብዬ ነዋ። ካልቆመ እንደምትጮኺብኝ አውቃለሁ። መቆንጠጫውን ይዤ ድምፅሽን ጠበቅሁ፤ ዝም ስትዪ ለወንድሜ ሰጠሁት።»