የልብስ ሰፊው በጎች

«አንድ ቀን እንኳ እሺ ብላው አታውቅም» አለች የሟቹ ታላቅ እህት፣ ወጥ ቤት ብርጭቆ እያጠበች ለጎረቤቷ። «ለግጥሙ የጻፈችለትን መልስ ሱቁ ግድግዳ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። ስታፌዝበት ኖራ ዛሬ ታለቅሳለች!»

ሚስትየው የሻይ ትሪ እንደያዘች በሩ ጋ ቆማ ሰማች። ትሪውን እዚያው ወለሉ ላይ አስቀምጣ ወደ ሳሎን ተመለሰች። ሐዘን ከተቀመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ሰው «ያጥናሽ» ሲላት ራሷን ትነቀንቃለች፤ አንድ ጥያቄ ግን አልለቅ ብሏታል። እሱስ እንዳልወደደችው መስሎት ይሆን የሞተው?

ባሏ ልብስ ሰፊ ነበር። በግን የሚያውቀው በሱፍ ጨርቅ ነው፤ አንዴ እውነተኛ በግ መንገድ ላይ ቢያባርረው ፋርማሲ ገብቶ ነው ያመለጠው። ግጥም ሲጽፍ ግን እረኛ ነው። የደንበኛ ልክ ከሚመዘግብበት ወረቀት ቁራጭ ያነሳና እንዲህ ይላል፦

ነይ ወደ መስኩ፣ በጎቼን ላሳይሽ፤
አበባ ጎንጉኜ ዘውድ ልድፋልሽ።

እሷ ቀኑን ሙሉ ቁስል ስታሽግ የምትውል ነርስ ናት፤ የአበባ ወሬ አይዋጥላትም። ወረቀቱን ገልብጣ ከጀርባው ትመልሳለች፦

ዘውዱን ሳልጠግበው በግህ ይበላዋል፤
ባዶ ራሴን ስቀር ዝናብ ይመታዋል።

እሱ እስኪያስለው ይስቃል። «ፍቅር ማለትኮ መስክ ነው፣ አንቺ ሴት!»

«ፍቅር ማለት ካልሲ ነው። አውልቀህ ስጠኝ፣ ልጠበው።»

እንዲህ እየተባባሉ ሃያ ስድስት ዓመት ኖሩ። «እወድሃለሁ» የምትለዋ ቃል ግን ከአፏ ወጥታ አታውቅም። ታፍር ነበር።

ከሰዓት በኋላ፣ ሱቁ ውስጥ ከባሏ ጎን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ልብስ የተኮሱት ሽማግሌ መጡ። ወፍራም ደብተር ይዘዋል።

«ላንቺ እንድሰጥ አደራ ብሎኝ ነው፣ እህቴ።»

ከፈተችው። በየገጹ የልክ ወረቀት ተለጥፏል፤ የሚታየው ግን የእሷ ጽሕፈት ብቻ ነው። የሱ ግጥሞች በሙሉ ወደ ታች ተደፍተው ተጣብቀዋል።

«ጋሼ፣ የሱን ሙጫ በላው እኮ!» አለች ደንግጣ።

«ከግድግዳው እያነሳ ሲለጥፍ እኔም ብዬው ነበር። ‹የኔን ማንም ይጽፈዋል፤ የሷን ግን ከየት አገኛለሁ?› አለኝ። ድርቅ ያለ ደንበኛ ሲያናድደው እሱን ከፍቶ ያነባል፤ ከዚያ ብቻውን ይስቃል።»

እህትየው እጇን ሳታደርቅ መጥታ ከኋላዋ ቆማ ኖሯል። አንድ ገጽ አነበበች፤ ሌላም አነበበች።

የመጨረሻው ገጽ ላይ የሱ ጽሕፈት ወደ ላይ ሆኖ ይታያል። ሆስፒታል ተኝቶ የጻፈው ነው፤ ፊደሉ ይንቀጠቀጣል፦

ነይ እንጂ ወንዝ ዳር፣ ጥላው ይጠብቅሻል፤
እኔ ባልኖር እንኳ ፉጨቴ ይጠራሻል።

ከሥሩ ባዶ ቦታ ትቶላታል።

«ብዕር ያለው አለ?» አለች። ሽማግሌው ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። ልትጽፍ ስታጎነብስ ደብተሩ ከጭኗ ላይ ተንሸራተተ።

እህትየው በርከክ ብላ ደብተሩን በሁለት እጇ ያዘችላት። «በይ ጻፊለት» አለቻት። «እንደ ልማድሽ አድርገሽ ጻፊለት።»

ጻፈች፦

ወንዝ ዳር ይበርዳል፣ ሹራብ ረስተሃል፤
ይዤልህ እስክመጣ ማን ይሸፍንሃል?

ከዚያ ብዕሩን ለሽማግሌው መልሳ ተነሳች፤ ቁም ሳጥኑን ከፍታ ሹራቡን ትፈልግ ጀመር።