በሩ ተቆልፏል፤ በጎን እለፉ

ወንድሜ ዊልፍ ዋሽቶ አያውቅም። ይህን የምለው ላሞግሰው አይደለም፤ አብሮት ለሚኖር ሰው መከራ ነው። «ይህ ቀሚስ ያምርብኛል?» ብዬ የጠየቅሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው መስታወቱን ነው።

የእሱ ሚስት ከሞተች፣ እኔም ባሌን ካባረርኩ ወዲህ የምንኖረው በሰሜን እንግሊዝ፣ በኖርዘምበርላንድ ባሕር ዳርቻ፣ ከፈረሰው ግንብ ሥር ባለው የአባታችን ቤት ነው። በደጃችን የሚያልፈው ኮረኮንች መንገድ ድሮ ፈረሶች የከሰል ጋሪ እየጎተቱ ወደ ወደቡ የሚወርዱበት ነበር። ከሰሉም አለቀ፣ ፈረሶቹም አለቁ፣ መንገዱ ግን ቀረ። መኪና ዝር አይልበትም። አሁን የሚመጡት ብስክሌተኞች ናቸው፤ ጎማቸው ወፍራም፣ ልብሳቸው ስስ። ዊልፍ መጀመሪያ ያያቸው ቀን ሮጦ ገብቶ «ኢዲ፣ ሰዎቹ ሱሪያቸውን ረስተው ወጥተዋል» አለኝ።

እኔ ግን ወደድኳቸው። ብርድ የመታው ብስክሌተኛ በሾርባ ዋጋ አይከራከርም፤ እኔ ደግሞ በመንገዱ ዳር፣ ከሰሉ ይመዘንባት በነበረችው ጎጆ ውስጥ ሾርባና ኬክ እየሸጥኩ ነው የምኖረው። አንድ ቀንማ ብስክሌት ተውሼ ሞክሬዋለሁ። ባሕሩን በግራ፣ ግንቡን በቀኝ አድርጌ፣ ጠጠሩ ከሥሬ እየተንኮሻኮሸ ቁልቁል ስወርድ እንደ ልጅ በደስታ ጮህኩ። ከዚያ እሾህ ውስጥ ገባሁ።

መሬቱ የእኛ አይደለም፤ የትልቁ ቤት እመቤት ነው። በአገራችን ሕግ ደግሞ ሰው በአንድ መንገድ ላይ ሃያ ዓመት ሙሉ ከልካይ ሳያገኝ ከተመላለሰ መንገዱ ለዘለዓለም የሕዝብ ይሆናል። ባለ መሬቶች ይህን ስለሚያውቁ በዓመት አንድ ቀን መንገዱ ላይ ያለውን በር ይቆልፋሉ። አንዲት ቀን ብቻ! በእሷ ቀን ሰው ካላለፈ የሃያው ዓመት ቆጠራ ገደል ገባ ማለት ነው። ይህ መቆለፍ ከአያታችን ጀምሮ የእኛ ቤት ሥራ ነው።

ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ወር፣ በመጀመሪያው እሑድ፣ ዊልፍ የአያታችንን ባርኔጣ ደፍቶ፣ ወንበሩን ተሸክሞ ይወጣል። በሩን ይዘጋል፣ ሰንሰለቱን ይጠመጥማል፣ የሕፃን ጭንቅላት የሚያህለውን ጓጉንቸር ይቆልፋል፤ ከዚያ በሩ ፊት ቁጭ።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ከበሩ ጎን ያለውን የድንጋይ ካብ የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት ማዕበል ናደው። ሁሉንም አይደለም፤ ሰው ብስክሌቱን ይዞ የሚያልፍባት ያህል ነው። ዊልፍ በአገሩ የታወቀ ካብ ሠሪ ነው። በሰው አጥር ላይ አንዲት ድንጋይ ተናግታ ካየ ሳያስተካክላት አያልፍም። ያቺን ክፍተት ግን ሳይነካት ዓመት ዓመትን ወለደ።

የብስክሌተኞቹ አለቃ ግሌንዳ ናት። ዓሣ ሻጭ ነበረች፤ እሷ ጡረታ ብትወጣም ድምፅዋ ግን ጡረታ አልወጣም። የማኅበራቸው የዓመቱ የመጀመሪያ ጉዞ በዚያው እሑድ ነው፤ ቀኑን የመረጡት አባቷ ስለሆኑ ደፍሮ የሚለውጠው የለም። ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ጭፍራዋን አስከትላ መጥታ ዊልፍ ፊት ቆመች።

«ዊልፍ፣ ክፈት እንጂ።»

«ተቆልፏል።»

«መቆለፉንማ አያለሁ፣ ዓይን አለኝ። በጎን ብናልፍስ?»

«በሩ ተቆልፏል» አላት ደግሞ።

ግሌንዳ ክፍተቷን አየች፣ እሱን አየች። እኛ ዘንድ ሰውን ፊት ለፊት «ጥበቃህ ዋጋ የለውም» ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ወደ እኔ ጎጆ ገባች።

«ኢዲ፣ የኔ እናት፣ ይህን ግትር ምን እናድርገው?»

«ቆዪ» አልኳት።

የበሬ ሥጋና ኩላሊት የታጨቀበት፣ ሊጡ በቅቤ የራሰ ትልቅ ፓይ ጋገርኩና ከጥቁር ቢራ ጋር አቀረብኩለት። ዊልፍ በላ፣ ጠጣ፣ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፋ። ብዙም ሳይቆይ ማንኮራፋት ጀመረ። ብስክሌተኞቹ ብስክሌታቸውን ተሸክመው፣ በእግራቸው ጣት እየተራመዱ በክፍተቷ አለፉ። ግሌንዳ መጨረሻ ላይ ስታልፍ ጉልበቱን ብርድ እንዳይመታው ብርድ ልብስ ጣል አደረገችበት።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እንዲሁ ሆነ። ሲገባ «እንዴት ዋልክ?» እለዋለሁ። «በሩ እንደተቆለፈ ዋለ» ይለኛል ደረቱን ነፍቶ። እኔ ደግሞ ኩላሊት መክተፍ እንደ ሞት ነው የምጠላው። ሽታው ከእጄ ሳይለቅ ሳምንት እከርማለሁ።

አምና እመቤቲቱ ሞቱ። ወራሻቸው ሚስተር ክሪስፒን ጭቃ አይቶ በማያውቅ ጫማ ከለንደን መጣ። ትልቁን ቤት ሆቴል አደርገዋለሁ፣ መንገዱ ለእንግዶቼ ብቻ ነው፣ ይቺ ጎጆም ትነሳ አለ። ግሌንዳ «ሃያ ዓመት አልፈንበታል!» ብላ ለአካባቢው ምክር ቤት አቤት አለች። ክሪስፒን ሳቀ። «ዊልፍ ዶድስ በየዓመቱ ቆልፎታል። ይህ ሰው እንደማይዋሽ አገር ያውቃል» አለ።

እንግዲህ መንገዱን ለማዳን አንድ ሰው አደባባይ ወጥቶ «በተቆለፈባትም ቀን አልፈናል፤ ዊልፍ ተኝቶ ነበር» ማለት አለበት። ግሌንዳን ለመንኳት።

«እኔ? አልልም! ሽማግሌውን በሸንጎ ከማዋርድ ብስክሌቴን ባሕር ውስጥ ብወረውረው ይሻለኛል» አለችኝ። ሌሎቹም እንደ እሷ አሉ።

ወንድሜን እወደዋለሁ። ከዚያች ባርኔጣና ከዚያች እሑድ በቀር የሚኮራበት ነገር የለውም፤ እሷን ልነጥቀው ነው? ዝም ካልኩ ደግሞ መንገዱ ሊዘጋ፣ ጎጆዬም ልትፈርስ ነው። ሸንጎው እስኪደርስ ምግብ አልበላልኝ አለ።

በመንደሩ አዳራሽ ጉዳዩን ልትሰማ የመጣችው መርማሪ ፊት ክሪስፒን ተነሳ።

«ሚስተር ዶድስ፣ በሩን በየዓመቱ ቆልፈዋል?»

«ቆልፌአለሁ።»

«አንድም ዓመት ሳያጓድሉ?»

«አንድም።»

ክሪስፒን ፈገግ ብሎ ተቀመጠ። ግሌንዳ ጣራ ጣራውን ታያለች። መርማሪዋ «ሌላ የሚናገር አለ?» ስትል ተነሳሁ።

«ወንድሜ ተኝቶ ነበር» አልኩ። «በየዓመቱ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፣ በፓይ ያስተኛሁት እኔ ነኝ። እሱ ሲያንኮራፋ ሁሉም በጎን አልፈዋል።»

ዊልፍ ቀስ ብሎ ተነስቶ ባርኔጣውን አወለቀ። ወደ እኔ አላየም።

«እህቴ ተሳስታለች። አልተኛሁም።»

ክሪስፒን ዘሎ ተነሳ። «ይኸው! እንግዲያውስ ማንም አላለፈም!»

«እንዲህ ማን አለ?» አለ ዊልፍ። «ሁሉም አልፈዋል። ግሌንዳ ብርድ ልብስ ትጥልብኛለች፤ ውሻ ውሻ ይሸታል፣ ግን ይሞቃል። ያ ከኋላ የተቀመጠው የጥርስ ሐኪም ደግሞ ብስክሌቱን ዘይት አይቀባም። ሲጥ ሲጥ ሲያደርገው በየዓመቱ ተነስቼ ልሰድበው ይዳዳኝና ዓይኔን መጨፈኔ ትዝ ይለኛል።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መርማሪዋ ራሷ አፏን ይዛ «ታዲያ ለምን አላስቆሟቸውም?» አለችው።

«በሩን ቆልፍ ተባልኩ፤ ቆለፍኩ። ስለ ክፍተቷ ማንም ምንም አላለኝም» አላት። ከዚያ ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አያቴ የከሰል ፈረስ ነጂ ነበር። ያንን ጠጠር ያነጠፉት እሱና ጓደኞቹ ናቸው። የገዛ መንገዱን በቆለፈ ቁጥር ያለቅስ ነበር፤ አይቼዋለሁ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ይኸው ነው።»

«ማንኮራፋትዎስ?» ብሎ ጮኸ ክሪስፒን። «እሱ ውሸት አይደለም?»

«ማንኮራፋት ቃል አይደለም» አለ ዊልፍና ተቀመጠ።

መንገዱ የሕዝብ ሆነ፤ በመንገዱ ጠርዝ ላይ ስለቆመች ጎጆዬም ሳትነካ ቀረች። የዚያን ቀን ወደ ቤት ስንሄድ በደስታ አልቅሻለሁ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ግን ንዴቱ መጣብኝ።

«አንተ ሰውዬ! ሃያ ዓመት ሙሉ ኩላሊት ያስከተፍከኝ! ነቅተህ ከነበር ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ፓዩን ትተዪዋለሽ» አለኝ። ያው እንደ ልማዱ አልዋሸም።

ዘንድሮ በዚያች እሑድ ዊልፍ ባርኔጣውን ደፍቶ ወንበሩን ይዞ ወጣ። በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ማንም ደግሞ እንዳይዘጋው ድንጋይ አስደገፈው። ብስክሌተኞቹ እየጮሁ በመሀል በሩ ሲነጉዱ ለእያንዳንዳቸው ባርኔጣውን አነሳ፤ የጥርስ ሐኪሙን ግን አስቁሞ በገዛ እጁ ዘይት ቀባለት። ሁሉም ካለፉ በኋላ ተቀምጦ የጎጆዬን ጭስ ማውጫ ማየት ጀመረ።

«ኢዲ!» ብሎ ተጣራ። «እንቅልፌ እየመጣ ነው!»

«ታዲያ ግባና ተኛ!» አልኩት፤ ኩላሊቱ ግን ከትናንት ተከትፎ፣ ፓዩም ምድጃ ውስጥ ነበር።