የእትዬ ይርጋነሽ ባልዲ

ሁለት የኢኮኖሚክስ ዶክተሮችን በአንድ ንግግር ዝም ያሰኘሁ ልጅ ነኝ። ያውም ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምኩ፣ ያውም ሽሮ እያቀረብኩ። ቢቸና ውስጥ እኔም አድርጌዋለሁ የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

የምሠራው ጋሼ ሐብታሙ ሆቴል ነው፤ አስተናጋጅ ነኝ። ባለፈው የካቲት ወደ ባሕር ዳር የሚያልፉ ሁለት ምሁራን መንገድ ተዘጋባቸውና እኛ ዘንድ ሦስት ቀን ተቀመጡ። ወንዱ ዶክተር ደምለው፣ ሴቷ ዶክተር ሰገነት ይባላሉ። የሠራተኛ ኑሮ ያጠናሉ አሉ። ሁለቱም ለድሃ የሚያዝኑ ናቸው፤ ግን ለድሃ የሚያዝኑ ሁለት ሰዎች እንዲህ ሲጨቃጨቁ አይቼ አላውቅም። ቁርስ ላይ ይጀምራሉ፣ ምሳ ላይ ይደግማሉ፣ እራት ላይ ድምፃቸው ይሰልላል።

«ሕግ ነው የሚያስፈልገው» ይላሉ ዶክተር ደምለው። «ከዚህ በታች መክፈል ክልክል ነው የሚል የደመወዝ ወለል! ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።»

«ወለሉን አንተ ታነጥፋለህ፤ ነጋዴው በማግስቱ ጤፉን ጣሪያ ላይ ይሰቅለዋል። መጀመሪያ የኑሮ ወጪው ይውረድ። የሸማች ማኅበር፣ የተማሪ ምገባ፣ ነጻ ሕክምና።»

«እስከዚያ ሠራተኛው ምን ይብላ? ያንቺን ጽሑፍ?»

«ያንተን አዋጅ ከሚበላ ይሻለዋል፤ የኔ ቢያንስ ወፈር ይላል።»

እኔ ሰሃን እያነሣሁ በሳቅ ልሞት።

በሁለተኛው ቀን፣ ረቡዕ ምሳ ላይ፣ ዶክተር ደምለው እስክሪብቶ አውጥተው ሶፍት ላይ ሒሳብ ሠሩ። «እዚህ ከተማ ዕቃ አጣቢ በወር ሁለት ሺህ ብር ነው የምታገኘው። የቤት ኪራይ፣ ጤፍ፣ ዘይት። በዚህ ብር ሦስት ልጅ ይዞ አሥራ አንደኛው ቀን ላይ መድረስ አይቻልም። አይቻልም!»

«ግን እየደረሱ ነው እኮ። ሒሳብህ የማያየው ነገር አለ።»

«ምን?»

ዶክተር ሰገነት መልስ አልነበራቸውም። እኔ ነበረኝ። ጥፋቴም እሱ ነው፤ መልስ ያለው ሰው ሁሉ መመለስ ያለበት ይመስለኝ ነበር።

«እትዬ ይርጋነሽ በሁለት ሺህ ሦስት ልጅ ያሳድጉ የለም እንዴ!» አልኳቸው፣ ሽሮውን እያስቀመጥኩ። «ባልዲ አላቸዋ!»

ሁለቱም ጭጭ አሉ። እንዲያ ዝም ብሎ የሚያዳምጠኝ ሰው ገጥሞኝ ስለማያውቅ ቀጠልኩ።

እትዬ ይርጋነሽ የኛ ዕቃ አጣቢ ነበሩ። በየሆቴሉ እንደምታውቁት፣ ከጠረጴዛ የሚመለሰው የዕቃ አጣቢዋ ነው። ሰጠኋት የሚል የለም፣ ከለከልኳትም የሚል የለም። እሳቸው ታዲያ የተነካውን ለጎረቤት ላም፣ ያልተነካውን ለልጆቻቸው ይለያሉ። ከዚያ የሚተርፈውን እንጀራ ፀሐይ ላይ አድርቀው ድርቆሽ ያደርጉና በገበያ ቀን ለመንገደኛ ይሸጡታል። የትልቋ ልጃቸው የመክሊት ደብተር የሚገዛው በዚያ ነው። መክሊት ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ሰኔ ላይ ሚኒስትሪ ትፈተናለች።

ይህን ሁሉ ዘረገፍኩት። ድርቆሹ ስንት እንደሚሸጥ እንኳ ማንም ሳይጠይቀኝ ተናገርኩ።

ዶክተር ሰገነት ጠረጴዛውን መቱት። «ይኸውልህ! በዓይነት የሚከፈል ደመወዝ ማለት ይህ ነው! የሚከፈላት ሁለት ሺህ አይደለም፤ ከዚያ በላይ ነው!»

«ትርፍራፊ ደመወዝ አይባልም» አሉ ዶክተር ደምለው። ግን እሳቸውም ይጽፉ ነበር። ቀና ብለው «ስምሽ ማነው?» አሉኝ።

«አምሳለች።»

«አምሳለች፣ አንቺ ተመራማሪ መሆን ነበረብሽ።»

ከዚያ ወዲያ ምድር አልበቃኝም። ጋሼ ሐብታሙ ሒሳብ መቀበያው ጋ ተቀምጠው እንደነበር ትዝ ያለኝ ዘግይቶ ነው። እሳቸው ብር ሲቆጥሩ ጆሯቸው አይሠራም የሚል ሰው ቂል ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ወደ ዕቃ ማጠቢያው መጡ።

«ይርጋነሽ፣ ዶክተሮቹ ራሳቸው ባልዲው ደመወዝ ነው ብለዋል። እንግዲህ ወይ አንድ ሺህ ብር ከነባልዲሽ፣ ወይ ሁለት ሺህ ያለ ባልዲ። ምረጪ።»

እትዬ ይርጋነሽ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። ዞር ብለው አዩኝ። ባልዲውን ማጠቢያው ሥር ትተው ወጡ፤ በዚያው ቀሩ።

በማግስቱ ጠዋት ለዶክተር ሰገነት ነገርኳቸው። ፊታቸው ቀላ፤ ቡናቸውን ትተው ጋሼ ሐብታሙ ጋ ሄዱ። «እኔ እኮ ይጨመርላት ለማለት ነው እንጂ ይቀነስባት አላልኩም!»

«ዶክተር፣ እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ። የሚከፈላት ከዚያ በላይ ነው ያሉት እርስዎ ነዎት። የሰማሁትን ፈጸምኩ።»

ዶክተር ደምለው ከኋላ መጥተው «ሕጉ ቢኖር ኖሮ…» ሲሉ ዶክተር ሰገነት «እባክህ ተወኝ» አሏቸው። ቀትር ላይ መንገዱ ተከፈተና ሄዱ።

ጋሼ ሐብታሙ ደግሞ «ምን በወጣው ይባክናል!» ብለው ትርፉን እንጀራ ጣሪያ ላይ እንዳደርቅ አዘዙኝ። ድርቆሹን የሚሸጡት እሳቸው ናቸው፤ ለኔ የተጨመረልኝ መሰላል መውጣት ብቻ ነው። እትዬ ይርጋነሽ እያንዳንዱን ቁራሽ በጣታቸው ዳብሰው ነበር የሚገለብጡት። ስንት ጊዜ አጠገባቸው ቆሜ ሳወራ አንድ ቀን እንኳ ልብ ብዬ አላየሁም። ሁለት ጊዜ ሻገተብኝ።

ከእህታቸው ጋር ሊኖሩ ሞጣ መግባታቸውን የሰማሁት ከፋሲካ በኋላ ነው። በዕረፍቴ ቀን ባልዲውን አጥቤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ባልዲውን አይተው «ላሟ ሞጣ ናት?» ብለው ሳቁብኝ። እኔ ግን የምናገረውን እያጠናሁ ነበር። ይቅርታ የሚለውን መጀመሪያ ላይ አደረግኩት። ሞጣ ስንደርስ ወደ መጨረሻው ሄዶ ነበር።

ጠይቄ ጠይቄ ከመስጊዱ ጀርባ አንድ ግቢ ውስጥ አገኘኋቸው። ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ አስተማሪዎችን ልብስ ያጥባሉ። መክሊት ሸሚዝ ታሰጣለች። ቀኑ ማክሰኞ ነው።

«መክሊት፣ ዛሬ ትምህርት የለም?»

«አለ» አለች፣ ሸሚዙን እያራገፈች።

እትዬ ይርጋነሽ ከሳፋው ቀና አሉ። «እህ። መጣሽ?»

«ባልዲዎን አመጣሁልዎ።»

«አስቀምጪው።»

መልሰው ማሸት ጀመሩ። እኔ ደግሞ ዝምታ አልችልም።

«እትዬ፣ አይዘኑ። ነገርዎ ጥናቱ ውስጥ ገብቷል። እስከ ሚኒስትሮች ድረስ ይሄዳል ብለዋል ዶክተር ሰገነት።» አላሉም፤ እኔ ነኝ የጨመርኩት። «ያን ቀን ቢያዩኝ ኖሮ! ሁለቱንም ዶክተሮች ዝም ነው ያሰኘኋቸው።»

እትዬ ይርጋነሽ አንድ ካልሲ ጥምዝዝ አድርገው ጨምቀው ባልዲው ውስጥ ወረወሩት።

«ዝም ማሰኘቱን እንዲህ ከቻልሽበት፣ ምነው በራስሽ አፍ አልጀመርሽ?»