ቢጫው አሸዋ

ፀገነት ጨረር አጠናለሁ ብላ ቤተ ሙከራው ስትገባ የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። ወንዶቹ «ሻይ አፍዪልን» ሲሏት ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ፣ የጨረር መለኪያዋን ታቅፋ ጆሃንስበርግን የከበበውን የወርቅ ማዕድን ትራፊ፣ ያንን ቢጫ የአሸዋ ክምር ስትለካ ኖረች። ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ የሚተፋው ዩራኒየም ሲኖርበት መለኪያው ቀጭ ቀጭ ይላል። ቤቷ ግን ይዛው ገብታ አታውቅም።

ኮሮና መጥቶ ሥራ ሲዘጋ መለኪያውን ይዛ ሮዘተንቪል ሰፈር ያለው ቤቷ ገባች። ባሏ ፊሊጶስ በሽታውን ፈርቶ መስኮቱን ሁሉ በፕላስተር አሽጎታል። እስቲ ብላ ሳሎን ውስጥ ከፈተችው፤ ቀጭ አለ። ወደ ልጃቸው ወደ ዮአዳን መኝታ ቤት ስትጠጋ ድምፁ ፋታ አጣ።

«ይሄን ግድግዳ በምን ነበር የለሰንከው?»

«ረሳሽው? ዮአዳንን እርጉዝ ሳለሽ ነዋ፣ ከክምሩ ሥር በነጻ ባመጣሁት አሸዋ። እንዴት ያለ ልስልስ አሸዋ መሰለሽ።»

ዮአዳን ትራሷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ እንደ ልማዷ እያሳለች ታነባለች።

ፀገነት መስኮቱን ልትከፍት እጇን ስትሰድ ፊሊጶስ ቀድሞ ያዛት።

«ተይ እንጂ፣» አላት፤ «በሽታው ያለው ውጭ ነው።»