የካምፓላው የአዋላጅነት ቦታ

ንዴታውልዋ ኪሪታ ልጁን አይካኤሊን እምቢ ማለት አይሆንለትም። "አይሆንም" ሊላት አፉን ሲከፍት "እሺ የኔ እናት" ነው የሚወጣው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱም እሱም የቆሙት በዚች ልጅ ነው። አሁን ደግሞ ኡጋንዳ ሄጄ አዋላጅነት ካልተማርኩ ብላ ቆርጣ ተነሥታለች። ካምፓላ ድረስ፣ ያውም ሦስት ዓመት!

ደግነቱ፣ ጠላት አለው። በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልተው ከጎረቤቱ ከሺሪማ ጋር ከተኳረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ሁለቱም በታንጋኒካ የሚኖረው የቻጋ ሕዝብ ሽማግሌዎች ምክር ቤት አባል ናቸው፤ አንዱ ነጭ ካለ ሌላው ጥቁር ይላል። የኬንያ፣ የኡጋንዳና የታንጋኒካ መንግሥታት ተመካክረው ካደሉት የሥልጠና ቦታ ለወረዳቸው የደረሰው አንድ ብቻ ነው። እጩዋ የምታልፈውም ከአባላቱ አንድም ተቃዋሚ ካልተነሣባት ነው። ሺሪማ መቼም አይምራትም። እሷ ትቀራለች፣ አባትየውም ክፉ ሳይሆን ይገላገላል። ንዴታውልዋ ይህን ተማምኖ፣ ኮቱን ለብሶ ጉባኤው ገባ።

እንግሊዛዊው የአውራጃ ገዥ በወንዙ ድልድይ ሥራ ጀመረ። ድንጋይ ማን ያቅርብ፣ ጉልበት ከየት ይምጣ ሲባል ረፋዱ አለቀ።

"ያምናውን እኛ ሠራነው፣ ወንዙ ወሰደው" አለ አንዱ ሽማግሌ። "የዘንድሮውን ራሱ ወንዙ ይሥራ።"

ቤቱ ሳቀ፤ ገዥው ግን አልሳቀም። ቀጥሎ የአይካኤሊን ስም አነበበና ተቃዋሚ ካለ ጠየቀ። ልጅቱ ከኋላ ወንበር ላይ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች። ሺሪማ ከዘራውን ተደግፎ ተነሣ። ንዴታውልዋ ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይነበብ አጎነበሰ።

"ትናንት ከዚህ ሰውዬ ቤት የሳሌ ቅጠል መጣልኝ" አለ ሺሪማ። "ይኼ ግትር ሳይልክልኝ እሞታለሁ ብዬ ነበር። ልጁ ልጄ ናት። ትሂድ።"

የሳሌ ቅጠል ቋጥሮ የላከ ሰው ይቅርታ ጠይቋል፤ ቅጠሉ የደረሰውም እምቢ አይልም። ይህን ያፈረሰ ቻጋ የለም። ችግሩ፣ ንዴታውልዋ ምንም አልላከም። አልላክሁም ቢል ልጁ ትቀርለታለች። ግን ሺሪማን ቀና ብሎ ሲያየው ሽማግሌው እንባ አቅርሯል። ለካ እሱም ይህን ሰው እንዲህ ናፍቆት ኖሯል።

"ልኬያለሁ" አለ በመጨረሻ። "ዘገየሁ እንጂ።"

ውጭ ሲወጡ ልጁን ከጉባኤው ቤት ግንብ ጥግ አገኛት።

"አንቺ፣ በስሜ ቅጠል ትልኪያለሽ?"

"አዎ አባባ።"

"እሱ ይከለክልልኛል ብዬ ነበር እኮ። እኔ አንቺን መከልከል አልችልም፤ እንድትሄጂብኝም አልፈልግም።"

"እሱን መቼ አጣሁት" አለችው ክንዱን ይዛ። "ቅጠሉን ለትምህርቱ ብቻ ብዬ የላክሁ መሰለህ? እኔ ስሄድ ከማን ጋር ልትጫወት ነው? ብቻህን ጥዬህማ እንዴት እሄዳለሁ?"

ንዴታውልዋ ክንዱን የያዘ እጇን ጨበጥ አደረገ። ሺሪማ ከግቢው በር ላይ ሆኖ፣ ቤቴ ያለው የሙዝ ጠላ ሳያልቅ ቶሎ ና እያለ ይጣራ ነበር።